ዕጢው ከወጣ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ ኪኒን መዋጥ ለምን አስፈለገ?

ታናሽ እህት፦
የ44 ዓመት እህቴ በግራ ጡቷ ላይ የተገኘው የካንሰር ዕጢ ከስምንት ወር በፊት በቀዶ ጥገና ወጥቶላት፣ የጨረር ሕክምናዋንም ጨርሳለች። አሁን ታሞክሲፈን የተባለ ኪኒን በየቀኑ፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት እንድትወስድ ታዞላታል። እሷ ግን «ዕጢው ተጠራርጎ ከወጣ ኪኒኑ የሚያክመው ምኔን ነው?» እያለች ትከራከረኛለች፤ ድንገት ከውስጧ የሚነሳው ሙቀትና የሌሊት ላቡም ስላስመረራት ልታቆመው ዳር ዳር እያለች ነው። አብራት ትታከም የነበረች ሌላ ሴት ደግሞ በየሦስት ሳምንቱ መርፌ እንደምትወስድ ሰምተን፣ የእኛዋ የተሻለው ሕክምና ቀርቶባት ይሆን የሚል ጥርጣሬ ገብቶናል። የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የላብራቶሪ ሰው፦
የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ በሁለተኛው ውስጥ ስላለ ከዚያ ልጀምር። የጡት ካንሰር በአንድ ስም ይጠራ እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ናሙናው ወደ እኛ ሲመጣ የምናየው ካንሰር መሆን አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ ሕዋሳቱ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን ለተባሉት ሆርሞኖች ተቀባይ (ሆርሞኑ የሚያርፍበት መቀመጫ) ያላቸው መሆኑን፣ ኤች-ኢ-አር 2 የተባለው ፕሮቲንም በላያቸው በዝቶ እንደሆነ ጭምር ነው። ከአሥር ታካሚዎች በሰባቱ ገደማ የሆርሞን ተቀባይ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ዕጢ ኢስትሮጅን ቀለቡ ነው ማለት ይቻላል። ታሞክሲፈን ሆርሞኑን ከሰውነት አያጠፋም፤ መቀመጫውን ቀድሞ ይይዝበታል እንጂ። መርፌው ትራስቱዙማብ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ የሚጠቅመው ኤች-ኢ-አር 2 ለበዛባቸው፣ ከመቶ ታካሚዎች ከ15 እስከ 20 ለሚሆኑት ነው። የእህትዎ ውጤት በዚህ ረገድ ኔጌቲቭ ከሆነ የቀረባቸው ነገር የለም።

ወደ ኪኒኑ ስንመለስ፣ ቀዶ ጥገናው የሚያወጣው የሚታየውን ነው። አስቀድመው በደም ወይም በሊምፍ መሥመር ያመለጡ፣ በምስል ምርመራ የማይታዩ ጥቂት ሕዋሳት በአጥንት ወይም በሌላ አካል ተደብቀው ለዓመታት ሊያንቀላፉ ይችላሉ፤ የሆርሞን ተቀባይ ያለው ዓይነት ደግሞ ከአምስት፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በኋላ የማገርሸት ጠባይ አለው። ጨረሩም ቢሆን የሚጠብቀው ጡቱንና አካባቢውን ብቻ ነው፤ ኪኒኑ ግን የተደበቁትን ሕዋሳት ቀለባቸውን ለመከልከል ነው የሚወሰደው።

አምስት ዓመት የጨረሰች፦
ከላይ የተብራራው ትክክል ነው፤ ነገር ግን እህትሽ የምትለውን ሙቀት እንደ ሰበብ አትቁጠሩባት። በመጀመሪያው ዓመት ሌሊት ሁለት ጊዜ ልብስ እቀይር ነበር፤ ለማንም ሳልናገር ለሦስት ሳምንት ያቆምኩበትም ጊዜ ነበር። ኋላ ለሐኪሜ ስነግራቸው አልተቆጡም፤ ቬንላፋክሲን የተባለ መድኃኒት ጨመሩልኝና ላቡ ባይጠፋም እንቅልፌ ተመለሰ። ብቻ ለሙቀቱ ብላ በራሷ ፈቃድ ምንም እንዳትወስድ፤ ለምሳሌ ፓሮክሴቲን፣ ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው ቅርጹ የሚለውጥበትን መንገድ ያውካል።

የላብራቶሪ ሰው፦
ይህ ጠቃሚ ማስታወሻ ነው፤ ሁለት ነገር ልጨምርበት። የአንድ እግር ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ የማሕፀን ደም ካለ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ መድኃኒቱ የደም መርጋትንና፣ አልፎ አልፎም የማሕፀን ግድግዳ ካንሰርን ሊያስከትል ይችላልና። በተጨማሪም ጽንስን ስለሚጎዳ፣ የወር አበባቸው ካልቆመ ሆርሞን የሌለው የእርግዝና መከላከያ ያስፈልጋቸዋል።

ታናሽ እህት፦
የፓቶሎጂውን ወረቀት አውጥተን አየነው፤ ሁለቱም የሆርሞን ተቀባዮች ፖዘቲቭ፣ ኤች-ኢ-አር 2 ግን ኔጌቲቭ ይላል። የመርፌው ነገር በዚህ ተዘጋልን። ስለ ሌሊቱ ላብ ለሐኪሟ አንድም ቀን ነግራቸው እንደማታውቅ ግን የነገረችኝ ገና ዛሬ ነው። ቀጠሮዋ ሐሙስ ስለሆነ አብሬያት እገባለሁ፤ እስከዚያ ኪኒኑን ላታቋርጥ ተስማምተናል።