ክርክር፦ ፈተና 6 ሳምንት ሲቀረው የሒሳብ ማረጋገጫ ይጠና ወይስ ያለፉ ፈተናዎች ይሠሩ?

ጠያቂ፦ ሪያል አናሊሲስን (ካልኩለስ ለምን እንደሚሠራ በማረጋገጫ የሚያሳየውን የሒሳብ ትምህርት) ብቻዬን እያጠናሁ ነው። መጽሐፉ 8 ምዕራፍ አለው፤ እኔ ገና ሁለተኛው ላይ ነኝ። ፈተናው 6 ሳምንት ቀርቶታል። የየቲዎረሙን (የሒሳብ ሕጉን) ማረጋገጫ፣ ማለትም ለምን እውነት እንደሆነ ደረጃ በደረጃ የሚያሳየውን፣ ልከታተል ወይስ በቀጥታ ያለፉ ፈተናዎችን ልሥራ?

ደግሞ የተፈተነ፦ ያለፉ ፈተናዎችን ሥራ። እኔ አንድም ማረጋገጫ አልዘልም ብዬ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ጊዜ አለቀብኝና ወደቅኩ። በሁለተኛው ዙር ከጥያቄዎቹ ተነሳሁ፤ አለፍኩ።

አስጠኚ፦ ወንድሜ፣ በዚህ አልስማማም። ካልኩለስ ቢሆን እሺ። አናሊሲስ ላይ ግን የሚጠየቀው ራሱ ማረጋገጫው ነው። ሲሪስ ማለት ማለቂያ የሌለው ድምር ነው፤ ተርሞቹ ተደማሪዎቹ ናቸው፤ ኮንቨርጅ አደረገ የሚባለው ድምሩ ወደ አንድ ቁጥር ሲጠጋ ነው። «ሲሪሱ ኮንቨርጅ ካደረገ ተርሞቹ ወደ ዜሮ ይሄዳሉ» የሚለውን የሸመደደ ተማሪ ፈተና ላይ ገልብጦ ይጽፈዋል፦ ተርሞቹ ወደ ዜሮ ከሄዱ ኮንቨርጅ ያደርጋል። ስህተት ነው። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያልክ ቀጥል። 1/3 እና 1/4 ሲደመሩ ከግማሽ ይበልጣሉ። ከ1/5 እስከ 1/8 ያሉት አራቱም እንደዚያው። ቀጣዮቹ ስምንትም እንደዚያው። ግማሽ በግማሽ ላይ እየተጨመረ ማቆሚያ የለውም። ይህን አንዴ በእጁ የጻፈ ሰው ቲዎረሙን አይገለብጠውም።

ደግሞ የተፈተነ፦ ልክ ነው። ግን እኔ ይህን ያገኘሁት እኮ ያለፈ ፈተና ላይ ነው! ጥያቄው ባይኖር እዚያ ገጽ አልደርስም ነበር።

ሌላ ተማሪ፦ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃንስ? በልጅነቱ ያገኘው መጽሐፍ በሺዎች የሚቆጠር ቲዎረም ነበረበት፤ ማረጋገጫ ግን እምብዛም። ብቻውን ነው የሠራው።

አስጠኚ፦ አዎ፣ ግን ሌሎቹን ትምህርቶች ስለተወ የኮሌጅ ፈተና ወድቆ ስኮላርሺፑን አጥቷል። ፈተና ላለበት ሰው እሱ ምሳሌ አይሆንም።

የሥነ ልቦና ተማሪ፦ ሁለታችሁም ስለምን ይጠና ነው የምትከራከሩት። እንዴት የሚለው ይብሳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒክ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡት ከ5 ደቂቃ በኋላ በልጠው ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት መጽሐፉን ትተው ራሳቸውን የፈተኑት ናቸው። ጽሑፍ ነበር እንጂ ሒሳብ አልነበረም፤ ቢሆንም እኔ ሒሳብ ላይም ሞክሬው ሠርቶልኛል። ማረጋገጫውን አንብብ፣ መጽሐፉን ክደን፣ ጻፍ።

አስጠኚ፦ በዚህ እስማማለሁ። በየምዕራፉ ሦስት አራት ዋና ማረጋገጫ ምረጥ። የቀረውን መግለጫውን ብቻ ያዝ።

ደግሞ የተፈተነ፦ የትኞቹን እንደምትመርጥ የሚነግሩህም ያለፉት ፈተናዎች ናቸው። እዚህ ላይ አልለቅም።

ጠያቂ፦ መጽሐፉን ከድኜ ያንን የግማሾቹን ሞከርኩ። ሳነበው ግልጽ ነበር፤ ስጽፈው ሁለተኛው መስመር ላይ ቆምኩ። አራቱ ለምን ከግማሽ ይበልጣሉ? ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ትንሿ 1/8 ናት፤ ሌሎቹ ሦስቱ ከእሷ ይበልጣሉ፤ አራት ጊዜ 1/8 ደግሞ ግማሽ ነው። ነገ ያለፈውን ዓመት ፈተና አወጣለሁ።