ሴስና 172 ላይ በረዶ ያዘብኝ፤ ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ጥያቄ፦ የሲያትሉ

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት ከሲያትል አጠገብ ካለችው ኤቨረት፣ ከፔን ፊልድ አየር ማረፊያ ተነስቼ ከተራራው ማዶ ወዳለችው ያኪማ እየበረርኩ ነበር። ብቻዬን ነኝ። አውሮፕላኑ የ1978 ሴስና 172 ነው፤ ካርቡራተር (ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ያለው፣ ኪራይ። ደመና ውስጥ የመብረር ፈቃዴን ካገኘሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። ትንበያው ዜሮ ዲግሪ የሚጀምረው 7,000 ጫማ ላይ ነው ይላል። እኔ የካስኬድ ተራሮችን ለመሻገር 8,000 ላይ ነበርኩ፣ ደመና ውስጥ። (አዎ፣ አውቃለሁ። አትሳደቡ።)

መጀመሪያ ያየሁት ቴርሞሜትሯን ነው። ከፊት መስታወቱ ወደ ውጭ ብቅ ያለችው ጫፏ ነጭ ጢም አወጣች። ቀና ስል ክንፉን የሚደግፈው ዘንግ ከላይ እስከ ታች ነጭ ሆኗል። በአስር ደቂቃ የጣት ውፍረት ሞላ። ፍጥነቴ ከ105 ኖት ወደ 88 ወረደ። የሞተሩም ዙር በ150 ቀነሰ። ዝቅ ልበል ብዬ ተቆጣጣሪውን ብጠይቅ ተራራ ስላለ አይቻልም አለኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። ዞሬ ወደመጣሁበት ተመለስኩ። ተራራውን አልፌ 4,000 ጫማ ላይ ስደርስ በረዶው እየተገመሰ፣ ጓ ጓ እያለ ጭራውን እየመታ ረገፈ።

ከፍ ማለት ነበረብኝ? ዙሩስ ለምን ወረደ? ኢመርጀንሲ ብል ፈቃዴን ይነኩብኝ ነበር?

መልስ፦ የዴንቨሯ አስተማሪ

እንኳን ተረፍክ። መዞርህ ልክ ነው። ጥፋትህ አስር ደቂቃ መቆየትህ ነው። ቴርሞሜትሯ ጢም ስታወጣ መዞር ነበረብህ። 172 በረዶ እንዳለ በታወቀበት ደመና እንዲገባ አልተፈቀደለትም፤ ክንፉን የሚያጸዳበት ምንም መሣሪያ የለውም።

ክብደቱ አይደለም ዋናው ጣጣ። በረዶው የክንፉን ቅርጽ ያበላሻል። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) የሚለውን ያዝ፦ እንደ ሻካራ የብርጭቆ ወረቀት የሆነ ስስ በረዶ እንኳ ክንፉ የሚያነሳውን ኃይል በ30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጉተታ እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። አንተ የጣት ውፍረት ይዘህ ነበር።

ከፍ ማለቱን እርሳው። ያ አውሮፕላን ንጹሕ ሆኖም 8,000 ላይ ያቃስታል። ደግሞ ከባሕር የመጣው እርጥብ አየር የካስኬድን ምዕራባዊ ጎን ሲወጣ ነው ውሃውን የሚያራግፈው። የነበርክበት ጎን ክፉው ነው።

ኢመርጀንሲ ማለት ለዚህ ነው የተፈጠረው። ሕጉ በአደጋ ጊዜ የሚያስፈልግህን ያህል ከደንብ እንድትወጣ ይፈቅድልሃል። አሁንም በ10 ቀን ውስጥ ለናሳ የሚላከውን የደኅንነት ሪፖርት ሙላ።

መልስ፦ የሚኒሶታው

ይቅርታ እህቴ፣ «እርሳው» ሁልጊዜ አይሠራም። እኔ አንዴ የገጠመኝ ደመና ሳይሆን ዝናብ ነው፤ ሲነካህ መስታወት የሚሆን ዝናብ። እንዲያ ያለ ዝናብ ብዙ ጊዜ ከላይ ሞቃት አየር አለ ማለት ነው። ቶሎ ወጣሁ፣ በረዶው ቀለጠ። ግን ገና ስስ እያለ ነው የወሰንኩት። የእሱ ጉዳይ ሌላ ነው፣ እስማማለሁ።

መልስ፦ ሜካኒኩ

ስለ ዙሩ ልንገርህ። እንዳንተው ምላጩ ማዕዘን በማይቀይር ፕሮፔለር ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ዙር ራሱ ትንሽ ይወርዳል። ግን የአየር ማጣሪያው በበረዶ ተደፍኖ፣ ወይም ካርቡራተሩ ውስጥ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የካርቡራተር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሳብ። ማጣሪያውን አልፎ ከጭስ ማውጫው አካባቢ ሞቃት አየር ያመጣል። መጀመሪያ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ይንዘፈዘፋል። የቀለጠው ውሃ እያለፈ ነው። ብዙዎች ደንግጠው የሚመልሱት እዚህ ጋ ነው። አትመልሰው!

የፒቶቱን፣ ማለትም የፍጥነት መለኪያውን የአየር ቱቦ ማሞቂያስ አብርተሃል? የፊቱ ቀዳዳ ብቻ ከተደፈነ ፍጥነት መለኪያው ወደ ዜሮ ይወርዳል። የውሃ ማፍሰሻውም አብሮ ከተደፈነ ደግሞ ከፍ ስትል ፍጥነት የጨመርክ ያስመስላል። ያኔ አፍንጫውን አንስተህ ስቶል ትገባለህ፤ ክንፉ ማንሳት ያቅተዋል።

መልስ፦ ከአዲስ አበባ

እኛ ጋ ዜሮ ዲግሪ ከ4,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ክንፍ ላይ በረዶ ለትንንሾቹ ብርቅ ነው። የካርቡራተሩ ግን በክረምት ጧት፣ 15 ዲግሪ ላይ፣ ፀሐይ እያየህ ይመጣል። ነዳጁ ሲተን ያቀዘቅዛል፣ የተረፈውን እርጥበቱ ይጨርሰዋል። ብርድ ስለሌለ ማንም አይጠረጥረውም።

የሲያትሉ

ሁላችሁም አመሰግናለሁ። የካርቡራተር ማሞቂያውን ትንሽ ስቤ ሲንተባተብ መልሼዋለሁ! ፒቶቱን ያበራሁት በረዶውን ካየሁ በኋላ ነው። በረዶው ሳይረግፍ ማረፍ ቢኖርብኝስ?

የዴንቨሯ አስተማሪ

ረጅም ማኮብኮቢያ ምረጥ። ከተለመደው ፍጥነት ላይ ከ10 እስከ 15 ኖት ጨምር። ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደውን ክፍል) አትንካ፤ ጭራው ላይ በረዶ ካለ ፍላፕ ሲወርድ ጭራው ሊከዳህ ይችላል። ፍላፕ አውርደህ መሪው በድንገት ከእጅህ ወደ ፊት ከሸሸ ፍላፑን መልስ፣ መሪውን ወደ ራስህ ሳብ። ከክንፍ ስቶል ተቃራኒ ነው። ኃይሉን መንኮራኩሩ እስኪነካ አትቁረጥ። ኦቶፓይለት ካለህ አጥፋው፤ ችግሩን ደብቆ ይዞ መጨረሻ ላይ ነው የሚጥልልህ።

የሲያትሉ

ገባኝ። ቅዳሜ ሄጄ መሬት ላይ የፒቶት ማሞቂያውን እሞክራለሁ።

ሜካኒኩ

ሠላሳ ሰከንድ ይበቃዋል። ታዲያ በመዳፍህ አትጨብጠው፤ በጣትህ ጀርባ ነካ አድርገህ ልቀቅ። ያቃጥላል።

የሲያትሉ

ልጨብጠው ነበር እኮ።