ልጄ ጀርመን ሄጄ ኦቦ ልማር ትላለች፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ጥያቄ፣ ከቨርጂኒያ

ሰላም ወገኖች። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ጀምራ ኦቦ (በአፍ የሚነፋ የእንጨት መሣሪያ) ትጫወታለች። ዘንድሮ ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ የሚባሉትን የክር መሣሪያዎች ከሚጫወቱ ሦስት ጓደኞቿ ጋር ቻምበር ሙዚቃ (በጥቂት ሰዎች የሚቀርብ ክላሲካል ሙዚቃ) ጀመረች፤ ልቧም እዚያው ቀረ። ጀርመን ሄጄ ልማር እያለች ነው። አባቷ «ይሄ እንጀራ ይሆናል?» ይላል። እኔ ደግሞ ምን እንደምመልስ አላውቅም። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው ካለ እባካችሁ እውነቱን ንገሩኝ።

መልስ፣ ከኮሎኝ

ሰላም እህቴ። እኔ ቪዮላ ተጫዋች ነኝ። ጀርመን ከገባሁ 19 ዓመት ሆነኝ። አንድ ኦቦና ሦስት የክር መሣሪያ ሆነን የምንጫወትበት ቡድን አለን። ጥያቄሽ ለእኔ የመጣ ያህል ነው የተሰማኝ።

የባልሽን ላስቀድም። እንጀራ ይሆናል። ከአንድ ምጣድ ግን አይወጣም። እኔ በወር ሁለት ሦስት ኮንሰርት እጫወታለሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆች አስተምራለሁ፣ ኦርኬስትራ ውስጥ ሰው ሲታመም እተካለሁ። ገናና ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጀርመናዊው አቀናባሪ የባኽ ሙዚቃ አለ። በዚያ ሰሞን ኦቦ ተጫዋች ተፈልጎ አይገኝም። የገና ኦራቶሪዮ የሚባለው የባኽ የመዝሙር ሥራ ሁለተኛው ክፍል ብቻውን ከኦቦ ዘር የሆኑ መሣሪያዎች የሚጫወቱ አራት ሰዎችን ይፈልጋል። ኑሯችን ቃርሚያ ነው፤ ግን አውድማው ሰፊ ነው።

የኦቦና የክር መሣሪያ ዕጣ አንድ አይደለም። አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ 60 ያህል የክር ተጫዋች ሲይዝ ኦቦ ከሦስት እስከ አምስት ቢሆን ነው። የቫዮሊን ወንበር ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ የኦቦ ወንበር አንዱ ጡረታ እስኪወጣ ይጠበቃል። በቻምበር ሙዚቃም እንደዚያው ነው። የክር ኳርቴት (አራት የክር ተጫዋቾች ያሉበት ቡድን) ከአቀናባሪዎቹ የሃይድን 68፣ የቤትሆቨን 16 ሥራ አለው፤ ዕድሜ ልክ ቢጫወቱት አያልቅም። ኦቦ ከሦስት ክር ጋር ሲሆን ግን ሁሉም የሚያውቀው ሞዛርት በ1781 ሙኒክ ውስጥ ለኦቦ ተጫዋቹ ፍሪድሪሽ ራም የጻፈው ነው። ከዚያ እንግሊዛዊው አቀናባሪ ብሪትን በ1932 የጻፈው አለ። ሌሎችም አሉ፤ በእነሱ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ፕሮግራም መሙላት ግን ከባድ ነው። ስለዚህ የቡድናችን ኦቦ ተጫዋች ኦርኬስትራ ውስጥ ቋሚ ሥራ ይዛ ነው ከእኛ ጋር የምትጫወተው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ቻምበር ሙዚቃ የሥራ ማስታወቂያ የለውም። ሰው ነው የሚጠራሽ። የሚጠራሽ ደግሞ በ20 ዓመትሽ አብሮሽ የተለማመደው ሰው ነው። ስለ ዝነኛው የክር ኳርቴት ስለ አማዴዎስ ለባልሽ ንገሪው። ከአራቱ ሦስቱ ከቪየና ወደ እንግሊዝ የሸሹ አይሁድ ወጣቶች ነበሩ። በ1940 «የጠላት አገር ሰዎች» ተብለው ሲታሰሩ፣ መተዋወቅ የጀመሩት በእስር ካምፖች ውስጥ ነው። በ1947 ከአንድ እንግሊዛዊ ቼሎ ተጫዋች ጋር ኳርቴቱን መሠረቱ፤ አንዳቸው በ1987 እስኪሞት ድረስ ለ40 ዓመት አንድም ሰው ሳይቀይሩ ተጫወቱ። ለዚህ ነው የምትማርበትን አገር ስትመርጥ የምትኖርበትን አገር እየመረጠች ነው የምልሽ። በ18 ዓመቷ እዚህ ከመጣች ጓደኞቿም ሥራዋም እዚህ ይሆናሉ። ይሄን እናት አስቀድማ ብታውቀው ይሻላል።

ሌላም አለ። ኦቦ እንደ ሰው ቋንቋ ዘዬ አለው። የአሜሪካን ዘዬ የፈጠረው ማርሴል ታቡቶ የሚባል ስደተኛ ፈረንሳዊ ነው። ከ1915 እስከ 1954 ፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫውቶ ተማሪዎቹን በአሜሪካ ኦርኬስትራዎች በትኗል። አሜሪካኖች የኦቦውን ምላስ (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋውን ቀጭን የሸምበቆ ቁራጭ) ረጅም አድርገው ይፍቁታል፤ አውሮፓውያን አጭር። ድምፁ ይለያል። ልጅሽ እዚህ ስትመጣ ለመጀመሪያው ዓመት እንደ ጀማሪ ሊሰማት ይችላል። ችሎታዋ ቀንሶ አይደለም፤ አትደንግጥ።

ስለ ወረቀት ደግሞ አደራሽን። የተማሪ የመኖሪያ ፈቃድ በራስ ሥራ ለመሥራት በራሱ አያስችልም። ኮንሰርት ተጫውቶ በደረሰኝ መቀበል ደግሞ የራስ ሥራ ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ በሁለተኛ ዓመቴ ስድስት ኮንሰርት ያለው ጉዞ ያዝኩ። ፈቃዴን የጠየቀው አዘጋጅ በመጨረሻው ሳምንት ሰረዘኝ። የቤት ኪራይ የምከፍልበት ገንዘብ ነበር፤ ሦስት ወር ተበድሬ ኖርኩ። የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ለብቻው ማስፈቀድ ይቻላል። ገና በመጀመሪያው ዓመት ትጠይቅ። ስትመረቅ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጣል፤ በዚያ ጊዜ ማንኛውንም ሥራ መሥራት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በራሷ የምትሠራ ከሆነች ኩንስትለርሶዚያልካሴ በሚባለው የአርቲስቶች ማኅበራዊ መድን ውስጥ ትመዝገብ። ከ1983 ጀምሮ ያለ ነው፤ የጤና መድንና የጡረታ መዋጮዋን ግማሹን ብቻ ትከፍላለች። ይሄ ባይኖር እኔ ዛሬ ሙዚቀኛ አልሆንም ነበር።

የትምህርት ክፍያ በብዙ ቦታ እጅግ ትንሽ ነው። እንደ ሽቱትጋርትና ፍራይቡርግ ያሉ ከተሞች የሚገኙበት ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል። ፊላዴልፊያ ያለውን ከርቲስ የሚባል የሙዚቃ ትምህርት ቤትም አትርሱ። ከ1928 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም። መግባቱ ነው ጭንቁ።

ከለንደን

እኔ የቼሎ ተጫዋች አባት ነኝ። ልጄ ሊተወው ሲል ያዳነው በ2015 እዚህ የተመሠረተው ቺኔኬ ኦርኬስትራ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ጥቁሮችና ከሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች የመጡ ናቸው። መድረኩ ላይ እሱን የሚመስል ሰው ሲያይ ፊቱ በራ። እህቴ፣ ልጅሽን ይዘሻት ሂጂና አሳያት።

ከቨርጂኒያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለአባቷ አነበብኩለት፤ ዝም ብሎ ሰማኝ። መሣሪያዋ የተከራየ ነው። ግዙ እያለች ነው። ከመሄዷ በፊት እንግዛ?

ከኮሎኝ

አትቸኩሉ። ጥሩ ኦቦ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ሊያስወጣ ይችላል። አዲስ እንጨት ደግሞ በክረምት ብርድና ደረቅ አየር ይሰነጠቃል። የሚያስተምራት መምህር ይሞክረውና ይምረጥላት።

አሁን የሚያስፈልጋት ምላስ መሥራት መልመድ ነው። ምላሱ የሚሠራው ከሸምበቆ ነው፤ ያው አገር ቤት ዋሽንት የሚቆረጥበት። ቶሎ ያልቃል፤ ሁልጊዜ ከገዛች ደግሞ ኪሷ አይችልም። እዚህ ያሉት ኦቦ ተጫዋቾች በየቀኑ ሰዓታት ሲፍቁ ነው የሚውሉት። ለመግቢያ ፈተና ስትመጣ እኛ ጋ ታርፋለች። የባለቤቴ ሽሮ አለ፣ መለማመጃ ክፍልም አለ። የሠራቻቸውን ምላሶች በእጅ ሻንጣዋ ትያዝ። የመፋቂያውን ቢላዋ ግን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ታድርገው፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይወስዱባታል።