ሬድ ደርት ካንትሪ የምትሰሙ ጅማ ውስጥ አላችሁ? ሦስት ሰው አንድ ዘፈን እንዴት ነው የሚጽፈው?

የጅሬን_ልጅ፦
ሰላም ቤቶች። ለኔ ካንትሪ፣ ያ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ ማለት የፋዘር ካሴት ነበር፣ ኬኒ ሮጀርስና ዶን ዊሊያምስ፣ በቃ። ሰሞኑን ዩቲዩብ እየጎተተ ሬድ ደርት የሚሉት የካንትሪ ዓይነት ውስጥ ከተተኝ፣ ተርንፓይክ ትሩባዱርስ፣ ጄሰን ቦላንድ ምናምን፣ የአሜሪካዋ ኦክላሆማ ልጆች። የገረመኝ አንዱ የጻፈውን ሌላው ባንድ ይዘፍነዋል፣ አንድ ዘፈን ላይ ሁለት ሦስት የደራሲ ስም ታገኛለህ፣ የሚኮራረፍ የለም። እኛ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሦስት ሆነን ሁለት ጊታር ይዘን አንድ ዘፈን ከጀመርን አራት ወራችን ነው፣ ግጥሙ የኔ ዜማው የኔ ስንባባል አዝማቹን እንኳን አልጨረስንም 😂 እነሱ እንዴት ነው የሚያደርጉት?

ቀይ_አፈር፦
ወንድሜ ነገሩ ከአንድ ቤት ነው የሚነሳው። ኦክላሆማ ውስጥ ስቲልዋተር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ዳር ላይ "ዘ ፋርም" የሚሉት ያረጀ ቤት ነበር፣ በፈረንጅ ከ70ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ 20 ዓመት ሙዚቀኛ ሲገባ ሲወጣ የኖረበት። የዘፈን ደራሲው ቦብ ቺልደርስ እዛው ግቢ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖር ነበር፣ ቶም ስኪነር፣ ጂሚ ላፌቭ፣ ሬድ ደርት ሬንጀርስ ሁሉ እዛ ያመሹ ነበር። ማታ እሳት ይነዳል፣ ጊታሩ ይዞራል፣ ተራው የደረሰው ይዘፍናል። ጋራዡን ራሱ መድረክ አድርገውት "ጂፕሲ ካፌ" ብለውታል። እንግዲህ እንደዛ እየተሰማማ ያደረ ሰው ያላለቀ ዘፈን ይዞ መምጣት አያፍርም፣ የጎደለውን አንዱ ይሞላለታል። እነ ክሮስ ካናዲያን ራግዊድ የሚባለው ባንድና ዘፋኙ ስቶኒ ላሩ ከነዚህ ትልልቆች ስር ነው ያደጉት። ቤቱ በፈረንጅ 2003 ተቃጠለ፣ ቺልደርስም በ2008 አረፈ፣ ዘፈኖቹን ግን ከስሩ ያደጉት እስካሁን ይዘፍኑለታል። በ2025 ራግዊድና ተርንፓይክ እዛው ስቲልዋተር ስታዲየም ውስጥ አራት ሌሊት ተጫውተዋል፣ አራት!

ጡረተኛው፦
ልጆች፣ ስቲልዋተር ስትሉ ማለፍ አቃተኝ። የኛን የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው እርሻ ኮሌጅ የሆነውን፣ በ1952 በፈረንጅ ያቋቋመው እኮ የዚያው ከተማ ኮሌጅ ነው፣ ያኔ ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ይባል ነበር፣ ፖይንት ፎር በሚሉት የአሜሪካ መንግሥት እርዳታ። ነገሩን የጀመሩት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ቤኔት ግን በ1951 መጨረሻ ኢራን ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ፣ ሳያዩት። የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎችም ግቢያቸው እስኪያልቅ እዚህ ጅማ ነው የተማሩት። ጃንሆይ ራሳቸው በ1954 ስቲልዋተር ሄደዋል። ሬድ ደርት ማለት ደግሞ ቀይ አፈር ነው፣ የአገራቸው አፈር ቀይ ስለሆነ። ክረምት ላይ ጫማችሁን እዩትና ከማን እንደምንመሳሰል ንገሩኝ።

ማሲንቆ_ብቻ፦
ኧረ በናታችሁ ይሄንንም ከፈረንጅ ልንማር? አዝማሪ ቤት ገብታችሁ አታውቁም? ከወንበርህ ሳትነሳ ስንኝ ትወረውራለህ "ተቀበል" ትላለህ እሱ ከነዜማው ይመልስልሃል፣ አብሮ መጻፍ ይሄ ካልሆነ ምኑ ነው። ያበላሸን የካሴት ሽፋን ነው፣ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሁሉም የራሱን ድርሻ አጥሮ ቁጭ።

ቀይ_አፈር፦
@ማሲንቆ_ብቻ የካሴቷን ነገር ልክ ብለሃል ሃሃ። ግን ብሩ ሲመጣ አጥሩም ያስፈልጋል፣ የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 የጋራ ሥራን የጋራ ባለቤትነት ነው የሚለው፣ ስለዚህ ጅሬኔ ድርሻችሁን ዘፈኑ ሳያልቅ፣ ሳትጣሉ፣ ወረቀት ላይ አስፍሩት። አሜሪካ ብዙ የዘፈን ደራሲዎች ዘፈኑ ሲጻፍ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው እኩል ይካፈላል ብለው ነው የሚነሱት።

የጅሬን_ልጅ፦
እኩል ብዬ ለልጆቹ ቴክስት አደረግኩ፣ አንዱ "ለሦስት?" አለ፣ ሌላው ገና አላነበበም። ጋሼ ጡረተኛው፣ ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ጋ ቡና ይፈላል፣ ያላለቀውን አዝማች እናሰማዎታለን።