ኮሞዶር 64፦ ሞተሮቹ ወደ ኋላ ሲዞሩ ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ ሁለት ጎማ ሮቦት ከአሮጌው የቤት ኮምፒውተር ከኮሞዶር 64 ዩዘር ፖርት (ከኋላው ካለው የውጭ መሣሪያ ማገናኛ) ላይ ለመንዳት እየሞከርኩ ነው።

ፒን ሲ እና ዲ የግራውን ሞተር፣ ኢ እና ኤፍ የቀኙን በኤል293ዲ ቺፕ (የሞተር መንጃ) በኩል ያዛሉ። የቺፑ ሎጂክ 5 ቮልት የሚመጣው ከፖርቱ ፒን 2 ነው። ቺፑ ቢበዛ 60 ሚሊአምፔር ስለሚወስድ ከፒኑ የ100 ሚሊአምፔር ገደብ አያልፍም፤ ስለዚህ ጥርጣሬዬ እዚያ አይደለም። ሞተሮቹ የራሳቸው 6 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ ግራውንዱ (የዜሮ ቮልት መስመሩ) ግን ከኮምፒውተሩ ጋር የጋራ ነው።

በቤሲክ ፖክ ትእዛዝ (ሜሞሪ አድራሻ ላይ ቁጥር የሚጽፍ) መጀመሪያ ፖክ 56577,0 አደርጋለሁ፣ ይህ የፒኖቹ ዳታ ሬጂስተር ነው፤ ቀጥሎ ፒኖቹን ውጪ ሰጪ የሚያደርገውን ፖክ 56579,15 አደርጋለሁ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሬጂስተሩ ላይ የቀረው ቁጥር ሞተሩን ድንገት ያስነሳዋል። 56577 ላይ 5 ሲገባ ወደፊት፣ 10 ሲገባ ወደ ኋላ።

ችግሩ ከ5 በቀጥታ ወደ 10 ሲኬድ ነው። ጠቋሚው ብልጭ ማለቱን ያቆማል፤ አንዳንዴም ማሽኑ እንደ አዲስ ተነስቶ 38911 ባይት የሚለው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። መሃል ላይ ለግማሽ ሰከንድ 0 ሲገባ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በሞተሮቹ ፈንታ ኤልኢዲ ከ330 ኦም ጋር ሲታሰር ምንም አይሆንም። 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ሞተሮቹ እግር ላይ ተበይዷል።

ጠፍጣፋው ኬብል 40 ሳንቲሜትር ሲሆን ከሞተር ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ይሄዳል። በውስጡ የፒን 3፣ ማለትም የሪሴቱ (ማሽኑን እንደ አዲስ የሚያስነሳው) ሽቦ ጫፉ ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። እሱን ፖርቱ ሥር መቁረጥ ይበቃል? ወይስ በ4ኤን35 ኦፕቶካፕለር (ምልክትን በብርሃን ብቻ የሚያሻግር ቺፕ) ግራውንዱን መለየት ግዴታ ነው? ከሆነስ፣ ፖርቱ ወደ ዜሮ የሚስበው 3 ሚሊአምፔር አካባቢ ብቻ ስለሆነ ኦፕቶካፕለሩን በደንብ ይከፍተዋል? የሞከራችሁት ካላችሁ የተጠቀማችሁትን ሬዚስተር ጭምር ንገሩኝ።