ስላይደሩ ይታያል፣ አይንቀሳቀስም! ነገ ዲፌንስ አለኝ

የላብ ልጅ፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ዲፌንስ አለኝ። በማትፕሎትሊብ (የፓይተን ግራፍ መሣያ) የዳምፕድ ኦሲሌሽን (እየደከመ የሚሄድ መወዛወዝ) ግራፍ ሠርቻለሁ። ከሥሩ ዳምፒንጉን (መወዛወዙ የሚደክምበትን መጠን) የሚቀይር ስላይደር፣ የሚጎተት ቁልፍ፣ አለ። ብጎትተው ፍንክች አይልም። ኤረርም የለም። ትናንት ይሠራ ነበር! ማትፕሎትሊብን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት።

ሰማያዊ ብዕር፦ ከርነሉን (ኮዱን የሚያስኬደውን ፕሮግራም) ሪስታርት አድርጊው።

ነባር መምህር፦ እህቴ፣ የት ላይ ነው የምታሠሪው? ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ፋይሉን ከተርሚናል ካስነሳሽው የራሱ መስኮት ይከፈታል፣ ስላይደሩም ይሠራል። ጁፒተር (ኮድ በብራውዘር የሚሠራበት ኖትቡክ) ላይ ግን ምንም ካላዘዝሽው «ኢንላይን» በሚባለው ባክኤንድ (ግራፉን የሚያሳየው ክፍል) ነው የሚሠራው። ኢንላይን ግራፉን ሠርቶ ሲጨርስ ፎቶ አድርጎ ይለጥፍልሻል። አሁን የምትጎትችው የስላይደር ፎቶ ነው። ኤረር ያልመጣውም ለዚህ ነው። ማትፕሎትሊብ አልተበላሸም፤ ደጋግመሽ መጫኑን ተዪው።

የላብ ልጅ፦ ይቅርታ፣ ጁፒተር ላብ ነው። ትናንት በስክሪፕት ነበር፣ ዛሬ ወደ ኖትቡክ አዛወርኩት።

ቢሾፍቱ፦ ከላይ «%ማትፕሎትሊብ ኖትቡክ» ብለሽ ጻፊ። ለኔ ሠርቶልኛል።

ነባር መምህር፦ ያ ለድሮው ኖትቡክ ነው። ላብ ላይ አይሠራም፣ ኖትቡክ 7 ላይም እንደዚያው።

ዳገቱ፦ ለመሆኑ ስላይደር ለምን አስፈለገ? ዜታን (የዳምፒንጉን ቁጥር) 0.1፣ 0.3፣ 0.7 እና 1 አድርገሽ አራት መስመር በአንድ ግራፍ ሳይ። ወረቀት ላይም ይወጣል።

የላብ ልጅ፦ ፈታኞቹ «ቢጨምርስ?» ሲሉኝ እዚያው ላሳያቸው ነው የምፈልገው። 1 ላይ ሲደርስ መወዛወዙ ቀጥ ሲል በዓይናቸው ይዩት።

የኮድ እናት፦ ልክ ነሽ፣ አሳያቸው። በፒፕ (የፓይተን መጫኛ) አይ-ፒ-ዋይ-ኤም-ፒ-ኤል የሚባለውን ጫኚ፤ ላብ ላይ ግራፉን ከፎቶ ወደሚንቀሳቀስ የሚቀይረው እሱ ነው። ከርነሉ የሚሠራበት ኢንቫይሮንመንት (የፓይተን ጭነት) ውስጥ ይሁን፣ ሌላ ቦታ ከጫንሽው አያገኘውም። ከርነሉን ሪስታርት፣ የብራውዘሩን ገጽ ሪፍሬሽ። ከዚያ የመጀመሪያው ሴል ላይ «%ማትፕሎትሊብ ዊጅት»።

የላብ ልጅ፦ ሠራ!! እግዜር ይስጥልኝ! ግን ኮዱን አንድ ፈንክሽን ውስጥ ሳስገባው እንደገና ቆመ። አሁን ደግሞ ምን ሆነ?

ሰማያዊ ብዕር፦ ሪስታርት አድርጊዋ።

ቢሾፍቱ፦ ሪስታርት ሁሉን ቢያድን ኖሮ መብራት ሲጠፋ ሁላችንም ኢንጂነር ነበርን 😄

የኮድ እናት፦ ስላይደሩን የያዘው ቫሪያብል ፈንክሽኑ ውስጥ ብቻ ነው አይደል? ፈንክሽኑ ሲያልቅ ፓይተን ይጠርገዋል። ማትፕሎትሊብ አጥብቆ አይዝልሽም፣ መያዝ ያለብሽ አንቺ ነሽ። መጨረሻ ላይ ስላይደሩን ሪተርን አድርጊና ውጭ በስም ተቀበዪው። «ኦን-ቼንጅድ» የሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ደግሞ «ፕሎት» ብለሽ እንደገና አትሳይ፣ በጎተትሽ ቁጥር መስመር ይደርባል። የነበረውን መስመር በ«ሴት-ዋይዳታ» ቀይሪና ግራፉ እንዲታደስ «ድሮው-አይድል» በይ።

ዳገቱ፦ አራቱን መስመር ግን ፒዲኤፍ አድርገሽ በፍላሽ ያዢ። የአዳራሽ ፕሮጀክተር አይታመንም።

የኮድ እናት፦ 5 ሰዓት ሆነ። እህቴ፣ እንዴት ሆነልሽ?