ጽጌረዳዎቼ ሳይፈነዱ አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ምን ላድርግ?

አበባ የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው አዳማ ነው፤ ሙቀቱንና ነፋሱን ታውቁታላችሁ። እህቴ ከዝዋይ፣ ማለቴ ከባቱ፣ በመጣች ቁጥር አንድ እቅፍ ጽጌረዳ ይዛልኝ ትመጣለች። እዚያ የአበባ እርሻው ብዙ ነው። ሲደርስ እምቡጡ ያስጎመጃል። በሁለተኛው ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ አገኘዋለሁ፤ የሚገርመኝ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ነው።

ያልሞከርኩት የለም። መቀስ ግንዱን ይጨፈልቃል ተብዬ በስለታም ቢላ ሰያፍ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ውሃ የሚነካውን ቅጠል አራግፋለሁ፤ ውሃውንም በየቀኑ እቀይራለሁ። ጎረቤቴ «ስኳር ጨምሪበት» ብላኝ ብጨምር በማግስቱ ውሃው ደፈረሰ፣ ሸተተም። ለካ ስኳር ብቻውን የሚቀልበው ባክቴሪያውን ነው፤ ትንሽ በረኪና አብሮት መግባት አለበት አሉኝ። ለአንድ ሊትር ስንት ጠብታ? አበባውን እንዳላቃጥለው ፈርቻለሁ። የማስቀምጠው ሳሎን፣ ሙዝና ማንጎ ካለበት ሳህን አጠገብ ነው፤ እሱ ይሆን እንዴ ጠንቁ?

ሌላም አለ። መስኮቱ ላይ ያለችው ነጭ ሰንበር ያላት ተክሌ የቅጠሏ ጫፍ እየነደደ ነው። የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የጉድጓድ ውሃ አጠጣታለሁ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት፣ ጥርስ እንደሚያበልዝም እናውቃለን፤ ቅጠልንም ያቃጥላል? የዝናብ ውሃ ላጠራቅም ወይስ አፈሩን ልቀይር?

ቶሎ መልሱልኝ። እህቴ ቅዳሜ ትመጣለች፤ «ያለፈው ስንት ቀን ቆየልሽ?» ማለቷ አይቀርም።